አዞ አፉን ከፍቶ የሚቆየው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (ከጅማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ጉማሬን እዚሁ ቦዬ ረግረግ ላይ አይቼ አውቃለሁ፤ አዞን ግን በዓይኔ ያየሁት ባለፈው ጥር ወር ነው፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ «የአዞ ገበያ» በሚባለው ስፍራ። ከጀልባችን ጥቂት ሜትር ርቆ አሸዋው ላይ የተጋደመ አንድ ትልቅ አዞ አፉን በሰፊው እንደከፈተ ንቅንቅ ሳይል ቆየ። ጀልባ ነጂው «ሊያስፈራራን ነው» ሲል፣ ጓደኛዬ «እያዛጋ ነው» አለ። እኔን የገረመኝ ደግሞ ምላሱ አለመታየቱ ነው። ለመሆኑ አዞ ምላስ አለው?

መልስ 1 (የሥነ ሕይወት መምህር)፦
ሁለቱም የተሳሳቱ ይመስለኛል። አዞ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው በመሆኑ ጠዋት ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ሲበዛበት ግን ላብ ስለማያወጣ አፉን ይከፍታል፣ በአፉ ውስጥ ያለው እርጥበትም ሲተን ጭንቅላቱ ይቀዘቅዛል። ምላስ አለው፤ ነገር ግን ከታችኛው መንጋጋ ወለል ጋር የተጣበቀ ስለሆነ እንደ እባብ ሊያወጣው አይችልም። ከምላሱ በስተኋላ ጉሮሮውን የሚዘጋ ክዳን ስላለውም ውሃ ውስጥ አፉን ከፍቶ አደን ሲይዝ አይታነቅም።

መልስ 2 (ጋምቤላ ያደግሁ፣ አሁን የጅማ ነዋሪ)፦
መምህር ያሉት ትክክል ነው፤ ሆኖም ሙቀት ብቻውን ምክንያት ከሆነ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ከመሸ በኋላ አፋቸውን ከፍተው ያየኋቸውን ምን እንበላቸው? በዝናብም ጊዜ እንዲሁ ያደርጋሉ። ጎጆዋን የምትጠብቅ እናት ደግሞ አፏን የምትከፍተው በእርግጥ ለማስፈራራት ነው። ያው አፍ ግን መታዘያም ይሆናል፦ እንቁላሎቹ አሸዋ ውስጥ 3 ወር ገደማ ከቆዩ በኋላ ጫጩቶቹ ገና ከቅርፊቱ ሳይወጡ ሲጮኹ እናቲቱ ሰምታ አሸዋውን ትቆፍራለች፣ በአፏም ይዛ ወደ ውሃ ትወስዳቸዋለች። ያልተፈለፈለ እንቁላል ካገኘችም በምላሷና በላንቃዋ መካከል ቀስ አድርጋ እያንከባለለች ቅርፊቱን ትሰብርለታለች።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ አርባ ምንጭ በሚገኘው የአዞ እርባታ ጣቢያ የአንድ ትንሽ አዞ አፍ በቀጭን ገመድ ብቻ ታስሮ አይቻለሁ። እንዴት አይበጥሰውም?

መልስ 1፦
መንጋጋውን የሚዘጉት ጡንቻዎች እጅግ ግዙፍ ሲሆኑ የሚከፍቱት ግን ደካሞች ናቸው። ስለዚህ አፉ ከተዘጋ በኋላ ቀጭን ገመድም ይይዘዋል፤ አስቸጋሪው ገመዱን እስኪያስሩ ድረስ ያለው ጊዜ ነው።