ለሬዲዮሎጂስት ፒኤችዲ ወይስ ሰብስፔሻሊቲ? በህዝብ ገንዘብ የቱ ይቅደም?

አድሚን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ለክርክር የማቀርበው በውስጥ መስመር የደረሰኝን ጥያቄ ነው፣ ጠያቂዋ እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ስላለች ራሷም ትሳተፋለች። ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ስልጠና) ጨርሳ ክልል ላይ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የምትሰራ ሬዲዮሎጂስት ማለትም የራጅ፣ የሲቲና የአልትራሳውንድ ምስል የምታነብ ሀኪም ናት፣ ስፖንሰር እናደርግሻለን ግን ከሁለት አንዱን ምረጪ ተብላለች፣ ወይ የህጻናት ሬዲዮሎጂ ፌሎሺፕ ማለትም ሰብስፔሻሊቲ ወይ በሜዲካል ኢሜጂንግ ፒኤችዲ። ጉዳዩ የሷ ብቻ ስላልሆነ ሰፋ አድርጌዋለሁ። አገሪቱ በቂ ሬዲዮሎጂስት በሌላት ሰአት በህዝብ ገንዘብ ሬዲዮሎጂስትን ፒኤችዲ መላክ ተገቢ ነው ወይ? የሰውና የሆስፒታል ስም አይጠራ፣ ስድብ አይፈቀድም።

ሲኒየሩ፦
ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ እኔ ተገቢ አይደለም ባይ ነኝ። አንድ ወይ ሁለት ሬዲዮሎጂስት ባለው ሆስፒታል የሰራ ሰው ያውቀዋል፣ ጠዋት የአልትራሳውንድ ሰልፍ፣ ከሰአት ሲቲ ስካን፣ ማታ ደግሞ የመኪና አደጋ መጥቷል ጭንቅላቱን እዩልን የሚል ስልክ። እሷ አራት አመት ስትሄድ ያንን ማን ያነባል? ፌሎሺፑን ተምራ ስትመለስ ግን ልዩነቱ በሳምንቱ ይታያል። ሆዱ ያበጠ የሶስት አመት ልጅ ሲመጣ እብጠቱ ከኩላሊት የተነሳ ዊልምስ የሚባለው ካንሰር ነው ወይስ ከአድሬናል (ከኩላሊት በላይ ካለው እጢ) የመጣ ኒውሮብላስቶማ የሚባል ሌላ ካንሰር የሚለውን ለይታ ብትጽፍ የሰርጂኑም የኦንኮሎጂስቱም መንገድ ይለወጣል። በደረጃም ከሆነ ስፔሻሊስት ዩኒቨርሲቲ ሲቀጠር አሲስታንት ፕሮፌሰር ነው፣ ፒኤችዲ ይዞ የመጣውም አሲስታንት ፕሮፌሰር ነው። ለሳይንሱ ነው ከተባለ ደግሞ ሲቲን የሰራው ሃውንስፊልድ ፒኤችዲ አልነበረውም፣ ሒሳቡን ቀድሞ የሰራው ኮርማክም አልነበረውም፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የህክምና ኖቤሉን የተካፈሉት ግን ሁለቱ ናቸው።

ፊዚክሱ፦
ሲኒየር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ የሃውንስፊልድ ምሳሌ የሚመሰክረው ለኛ ነው። ከጀርባው ኢኤምአይ የሚባል ትልቅ ካምፓኒ ከነላቦራቶሪው ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያው የታካሚ ጭንቅላት ስካን እስኪደረግ ድረስ ጊዜ፣ ብርና ሰው ተሰጥቶታል። እኛ አገር እንዲህ አይነት ካምፓኒ የት አለ? አንድ ጥያቄ ይዞ አመታት ለመቀመጥ ያለን መንገድ ፒኤችዲ ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ ኢሜጂንግ የሬዲዮሎጂስት ብቻ ርስት አይደለም። ራጅን ያገኘው ሮንትገን ሀኪም አልነበረም፣ ፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ኤምአርአይን ያመጡት ላውተርበር ኬሚስት ማንስፊልድ ፊዚሲስት ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኖቤል ተሸልመዋል። ስለዚህ ጥያቄው ሬዲዮሎጂስት ይላክ አይላክ ከሚለው ይልቅ ፒኤችዲው ለፊዚክሱም ለቴክኖሎጂስቱም ለባዮሜዲካል ኢንጂነሩም ለምን በሰፊው አይከፈትም ቢሆን ይሻላል። ያኔ ሬዲዮሎጂስቷ ከስራዋ ሳትነቀል ኮ አድቫይዘር ትሆናለች።

ራጅ ቤት፦
አድሚን ትንሽ ረዘም ላድርገው ፍቀድልኝ፣ እኔ የሲቲ ቴክኖሎጂስት ነኝ፣ ሁላችሁም ስለሚያነበው ሰው ነው የምታወሩት እኔ ስለሚነሳው ሰው ላውራ። ስካን ሲያልቅ ከምስሎቹ ጋር አንድ ጥቁር ገጽ ይመጣል፣ ሲቲዲአይ ቮልዩምና ዲኤልፒ የሚል ቁጥር የተጻፈበት ማለትም ማሽኑ በዚያ ምርመራ ምን ያህል ጨረር እንዳወጣ የሚናገር ገጽ። በሰራሁባቸው ቦታዎች ያንን ገጽ የሚያየው ሰው የለም፣ ፊልም ላይም አይታተምም፣ ሪፖርት ላይም አይጻፍም። አሁን ሲኒየር ያሉት የሶስት አመት ልጅ መጣ እንበል። የማሽኑ ፕሮቶኮል (የአነሳስ ቅንብሩ) ኢንስታል ሲደረግ ካምፓኒው ትቶት የሄደው ነው፣ የህጻን የሚለው ዝርዝር አለ ግን ተረኛው ካልሰለጠነበት የአዋቂውን አብዶመን (ሆድ) ይመርጣል፣ ከዛ ሪኩዌስቱ ላይ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ በደም ስር የሚሰጥ መድሀኒት) ያለው አብዶመን ስለሚል ብቻ ያለ ኮንትራስት አንዴ፣ መድሀኒቱ ደም ቅዳ ላይ ሲደርስ (አርቴሪያል) አንዴ፣ ደም መልስ ላይ ሲደርስ (ቬነስ) አንዴ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ (ዲሌይድ) ይጨመራል። ለብዙው ህጻን እኮ አንዷ የቬነስ ፌዝ (ዙር) ትበቃ ነበር። ሶስት ጊዜ ባለፍክ ቁጥር የጨረር ዶዙም ወደ ሶስት እጥፍ ነው የሚሄደው። ልጅ ደግሞ ለጨረር ከአዋቂ ይበልጥ ስስ ነው፣ የሚኖርበት እድሜም ገና ከፊቱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት ላይ የወጣው የእንግሊዝ ጥናት በልጅነታቸው ሲቲ የተነሱትን ተከታትሎ ዶዙ ሲጨምር የሉኪሚያና የአንጎል እጢ አደጋ አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል። አደጋው ለአንድ ልጅ ትንሽ ነው፣ አስፈላጊ የሆነ ሲቲ ይቅር ማለቴም አይደለም፣ ግን ያላስፈለገው ፌዝ ለምን?

ታዲያ ይሄ የፒኤችዲ ጥያቄ ካልሆነ ምን ይሁን? ዳያግኖስቲክ ሪፈረንስ ሌቭል የሚባል ነገር አለ፣ ከየሆስፒታሉ ለአንድ አይነት ምርመራ የሚሰጠው ሚዲያን (መሀለኛ) ዶዝ ተሰብስቦ ብዙ ጊዜ 75ኛው ፐርሰንታይል ላይ ማለትም ከአራት ሆስፒታል ሶስቱ ከስሩ በሚሆኑበት ቦታ መስመር ይሰመራል፣ ሁልጊዜ ከመስመሩ በላይ የሆነ ሆስፒታል ፕሮቶኮሉን ይፈትሻል ማለት ነው። ይሄ በህጻናት እድሜና ክብደት ተከፋፍሎ፣ ከክልል ሆስፒታል ሳይቀር ተለቅሞ፣ ከዛ ፕሮቶኮል ተቀይሮ፣ የምስሉ ጥራት ለምርመራ እንደሚበቃ ሬዲዮሎጂስት ምስሉ በየትኛው ፕሮቶኮል እንደተነሳ ሳታውቅ አንብባ፣ እንደገና ተለክቶ ቢሰራ ያው ሙሉ ፒኤችዲ ነው። ለዚህ የአሜሪካ ላብ አያስፈልግም፣ ፋንተም (በሰው ፈንታ የሚነሳ መለኪያ እቃ) እና የማሽኑ ቁጥር የሚበቃበት ክፍል ብዙ ነው። በሬዚደንት ቴሲስ ልንሰራው ሞክረን ነበር፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ግን በተረኛ መሀል የሚሰራ ቴሲስ ዳታ ሰብስቦ አማካኝ አውጥቶ ሼልፍ ላይ ይቀመጣል፣ ፕሮቶኮሉን ቀይሮ ተመልሶ የሚለካ የለም።

ሲኒየሩ፦
ራጅ ቤት ያልከውን በሙሉ እቀበላለሁ፣ ግን ራስህ መለስክልኝ እኮ፣ ይሄን ለመስራት አንተና ፊዚክሱ ትበቃላችሁ። አንባቢዋን ለምን እንወስዳለን?

ራጅ ቤት፦
ምክንያቱም ሲኒየር እኔ ፌዝ ቀንሱ ብል የሚሰማኝ የለም። እሷ ስትል ግን ሪኩዌስት የሚጽፈው ሁሉ ይሰማል። በዚያ ላይ ቴክኖሎጂስት ፒኤችዲ ልማር ቢል መንገዱ ጠባብ ነው፣ ብዙዎቻችን ማስተርሳችንን በፐብሊክ ሄልዝ የምንይዘው በሙያችን ስላጣነው ነው።

ኮዱ፦
ሁላችሁም አንድ ነገር እየረሳችሁ ነው፣ ኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት)። የኤአይ ተመራማሪው ጄፍሪ ሂንተን እ.ኤ.አ. በ2016 ሬዲዮሎጂስት ማሰልጠን አሁኑኑ ይቁም፣ በአምስት አመት ውስጥ ዲፕ ለርኒንግ ይበልጣቸዋል ብሎ ነበር። አምስቱ አመት አልፎ ሬዲዮሎጂስቱ አሁንም ተፈላጊ ነው እሺ፣ ጊዜውን ሳተ እንጂ አቅጣጫውን አልሳተም። የአለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ቲቢ ስክሪን ሲደረግ የደረት ራጅን በሰው ፈንታ ሶፍትዌር ሊያነበው ይችላል ብሎ ፈቅዷል። ስለዚህ ፒኤችዲ መማሯ ካልቀረ በኤአይ ትማር፣ በኢትዮጵያ ዳታ የኢትዮጵያ ሞዴል እንስራ።

የባህርዳሩ፦
ኮዱ ሀሳቡ ደስ ይላል ግን የቱ ዳታ? እኛ ጋ ያለውን ልንገርህ። ታካሚው ፊልሙን በፖስታ ይዞ ይመጣል፣ ወይ ሲዲ ይዞ ይመጣና የሚከፍተው ኮምፒውተር አይገኝም። ሬዲዮሎጂስት ከሌለበት ሆስፒታል ያለ ጂፒ (ጠቅላላ ሀኪም) ደግሞ ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ ግማሹ ላይ የጣቱ ጥላ አለ፣ ግማሹ ላይ የመስኮቱ ብረት አለ፣ ቴሌግራምም ጨምቆ ያሳንሰዋል። እኔ ያንን አይቼ ሀሳብ መስጠት እችላለሁ፣ በንጹህ ዳይኮም (ማሽኑ በሚያወጣው ዋና የምስል ፋይል) የሰለጠነ ሞዴል ምን ሊያደርገው ነው? ፓክስ (ምስሎችን የሚያከማች የኮምፒውተር ሲስተም) የሌለበት ቦታ የማሽኑ ሀርድ ዲስክ ሲሞላ የድሮው ይጠፋል፣ የስንት አመት ኬዝ አብሮ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ዳታ የምትለው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ፓክስ ቢኖርም እንኳ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ፣ ከአሜሪካ ሆስፒታሎች በመጡ የደረት ራጆች ኒሞንያ እንዲለይ የሰለጠነ ሞዴል ራጁ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ጭምር ይለይ ነበር፣ አንዱ ሆስፒታል ብዙ ኒሞንያ ስላለው ሳንባውን ሳይሆን ሆስፒታሉን አይቶ መገመት ይችላል ማለት ነው፣ ሌላ ቦታ ሲወሰድ ደከመ። ይሄን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል ለማለት ከሆነ ከጎንህ ነኝ። ግን ያ ሰው ቀድሞ ጥሩ አንባቢ መሆን አለበት፣ ሌብሉን (ሞዴሉ የሚማርበትን መልስ) የሚሰጠው እሱ ነውና።

ኮዱ፦
እሱን አልክድም። ፓክስ ይቅደም ካልከኝ እስማማለሁ። ግን ፓክስ የሚገዛውን አለቃ የሚያሳምነውም የሚያጠና ሰው ነው፣ ለዚህ ነው ሁለቱን ነጣጥሎ ማየት የማይገባኝ።

ከስቶክሆልም፦
እዚህ ያለውን አሰራር ላካፍላችሁ ምናልባት መውጫ ይሆናል። ስዊድን ውስጥ የፒኤችዲ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነው፣ ደመወዝ አለው፣ ግብር ይከፍላል። ሙሉ ጊዜ ከተማሩት 4 አመት ነው፣ ማስተማር ሲጨመርበት ወደ 5 ይሄዳል፣ ቴሲሱም በአብዛኛው ከሚታተሙ አርቲክሎች ነው የሚሰራው። ሀኪሞቹ ግን ብዙዎቹ ክሊኒኩን አይለቁም፣ ግማሹን ጊዜ ያነባሉ ግማሹን ምርምር ይሰራሉ፣ ስለዚህ ይረዝምባቸዋል ግን ዲፓርትመንቱ ሰው አያጣም። ለኢትዮጵያም ሳንድዊች የሚባለው አዲስ አይደለም፣ አገር ውስጥ እየሰሩ ለተወሰነ ወር እየሄዱ ኮርስና ላብ ጨርሰው የሚመለሱበት፣ በሲዳ (የስዊድን መንግስት የልማት እርዳታ ድርጅት) ድጋፍ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ተምሯል። በተረፈ አራት አመት ሙሉ ውጭ የሚኖር ሰው የመመለሱ ነገር ከባድ ነው፣ እዚህ ስላለሁ በሚገባ አውቀዋለሁ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይገባሉ፣ ቤት ይገዛል፣ ከአገር ቤቱ ደመወዝ ጋር ሲወዳደር ደግሞ ለማንም ግልጽ ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከጠዋት ጀምሮ እየተከታተልኩ ነው። ሲኒየር ስለ ሰው እጥረቱ ያሉት እውነት ነው፣ እኔ ስሄድ የሚቀረው አንድ ሰው ነው እሱም ከኔ በላይ ደክሞታል። ፒኤችዲውን የፈለግኩት ለማዕረግ አይደለም። ኮዱ የጠቀሰው የአለም ጤና ድርጅት ምክር እድሜያቸው 15 አመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው፣ ህጻናት የሉበትም። ልጅ ደግሞ አክታ አያወጣም፣ ላቦራቶሪው ብዙ ጊዜ ኔጋቲቭ ይመጣና ፔዲያትሪሽያኑ (የህጻናት ሀኪሙ) ራጁን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል፣ የሂለም (የሳንባ መግቢያ) እጢ አብጧል ወይስ ታይመስ (በህጻን ደረት ውስጥ በተፈጥሮ ያለ እጢ) ነው፣ ልጁ እያለቀሰ የተነሳ ራጅ ነው ወይስ እውነት ጥላ ነው። አንድ ራጅ እኔና ባልደረባዬ አይተን ተለያይተን እናውቃለን፣ ሁለታችንም በየፊናችን እርግጠኛ ሆነን። በዚህ ላይ ተመስርቶ ልጁ የወራት መድሀኒት ይጀምራል ወይም ሳይጀምር ወደ ቤቱ ይሄዳል። የማጠናው ይሄንን ነው፣ አንባቢዎች ምን ያህል እንደሚስማሙ፣ የት ላይ እንደሚለያዩ፣ ስልጠና ቢሰጥ ይስተካከል እንደሆነ። አሁን ሳነባችሁ ግን የባህርዳሩ ያለው ገባኝ፣ የህጻናት ሬዲዮሎጂ ሳልማር የኔ ንባብ ለሌላው መለኪያ ሊሆን አይችልም።

ሲኒየሩ፦
አሁን እህቴ ነገሩን በቦታው አስቀመጥሽው። ፌሎሺፑ ይቅደም፣ ከዛ እዚያው ስራሽ ላይ ሆነሽ ግማሽ ጊዜ ፒኤችዲ ብትይ አልቃወምም። አንድ ነገር ግን አልለቅም፣ ፌሎሺፑ ላይ ሳለሽ የሚተካሽ ሰው ከወዲሁ በጽሁፍ ይረጋገጥ። በቃል እንልካለን ተብሎ የቀረ ብዙ አይቻለሁ።

ፊዚክሱ፦
እኔ በፌሎሺፕ ይቅደም አልስማማም፣ ለሷ ይሁን እሺ፣ ለፖሊሲ ግን እንዲህ ከተባለ ፒኤችዲው ሁልጊዜ ነገ ይባላል። ቢያንስ ለፊዚክስና ለቴክኖሎጂስት አሁን ይከፈት።

ጠያቂዋ፦
እሱን ዲፓርትመንት ስብሰባ ላይ አነሳዋለሁ ፊዚክሱ። ሰኞ ዲኑ ጋ የምሄደው ሶስተኛ አማራጭ ጽፌ ነው፣ ፌሎሺፕ ቀድሞ፣ ከዛ ስራ ላይ ሆኜ ፒኤችዲ፣ የውሉ የአገልግሎት ግዴታ አመትም ለሁለቱ አንድ ላይ እንዲቆጠር። እንዲህ አይነት ውል የፈረመ ሰው ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ በተለይ የዋስትናውን አንቀጽ ማየት እፈልጋለሁ።

ራጅ ቤት፦
ዶክተር የውሉን አላውቅም፣ ግን ከመሄድሽ በፊት የህጻናቱን የደረት ራጅ ከማሽኑ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ማስቀመጥ ይጀመር፣ የታካሚ ስም እየወጣ፣ ኤቲክስ ቦርዱን አስፈቅደሽ። ደብዳቤውን ብቻ አጽፊልኝ፣ ከቴክኖሎጂስቶቻችሁ ጋር እኔ አወራለሁ።