የክሎሪን መለኪያው ንባብ ከዋናው ቧንቧ ውሃ ጋር አልገጥም አለኝ

ጠያቂ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁም፣ እህታችሁ ነኝ። አዳማ ውስጥ አንድ የምግብ ፋብሪካ ጥገና ክፍል እሠራለሁ። ከሮቶው ወደ ማምረቻ የሚሄደውን ውሃ ቀሪ ክሎሪን (ውሃው ውስጥ ተርፎ የሚቆየውን) እና ድፍርስነት ቀን ከሌት የሚለካ ማሽን ገዛን። ከዋናው ቧንቧ ወደ ማሽኑ ውሃ የሚወስደውን የናሙና መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ።

ዋናው ቧንቧ ላይ በእጅ ስለካ 0.5 ሚሊግራም በሊትር አገኛለሁ። ማሽኑ 0.15 ይላል። ዛሬ ጠዋት ከሁለቱም ቦታ ቀድቼ ክሎሪን ሲያገኝ ውሃውን ሮዝ የሚያደርገውን የመመርመሪያ ክኒን ጨመርኩ። የዋናው ቧንቧ ውሃ ደማቅ ሮዝ ሆነ። ማሽኑ ጋ የደረሰው ግን ነጭ ወረቀት ከኋላው ካላደረግኩ ቀለሙ አይታይም። ማሽኑ ልክ ነው ማለት ነው፤ ክሎሪኑ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው።

ሌላው፣ ጠዋት ፓምፑ ሲነሳ ድፍርስነቱ ሽቅብ ይወጣል። በክረምት አዋሽ ስለሚደፈርስ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሬ ነበር። ብርጭቆ ላይ ሳየው ግን ኩልል ያለ ነው።

መስመሩ 38 ሜትር ነው። ከድሮ መስመር የተፈታ ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ስቶር ውስጥ ስለነበር እሱን ተጠቀምኩ። ፍሰቱ በደቂቃ 0.4 ሊትር ነው። ይሄ ውሃ ሰው የሚበላው ምግብ ውስጥ ስለሚገባ እንቅልፍ ነስቶኛል። አለቃዬ ደግሞ «ክሎሪኑን ጨምሪው» እያለኝ ነው።

መልስ 1፣ የማጣሪያ ኦፕሬተር (ሀዋሳ)
እህቴ፣ ክሎሪኑን እንዳትጨምሪ! እስቲ አስቢው። ግማሽ ኢንች ቧንቧ በአንድ ሜትር 0.2 ሊትር ገደማ ይይዛል። 38 ሜትሩ ሰባት ሊትር ተኩል ይሆናል። በአንቺ ፍሰት ውሃው ማሽኑ ጋ ለመድረስ 19 ደቂቃ ይፈጅበታል። ያን ሁሉ ጊዜ ከዝገት ጋር ተኝቶ ነው የሚመጣው፤ ዝገት ደግሞ ክሎሪን ይበላል። ክሎሪን የሚጨምረውን ዶዚንግ ፓምፕ በዚህ ንባብ ካስተካከልሽው ማምረቻው ከልክ በላይ ክሎሪን ይደርሰዋል።

ውስጡ 6 ሚሊሜትር የሆነ የፕላስቲክ ቱቦ አድርጊ። ያው 38 ሜትር እንኳ ቢሆን ከ3 ደቂቃ በታች ይደርሳል። የሚሻለው ግን ማሽኑን ራሱን ወደ ቧንቧው ማስጠጋት ነው። ቱቦው ጥቁር ይሁን። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አልጌ ያበቅላል፣ እሱም ክሎሪን ይጨርሳል።

መልስ 2፣ ቧንቧ ሠራተኛ (አዳማ)
ልጄ፣ ናሙናውን ከቧንቧው በየት በኩል ነው ያወጣሽው? ከላይ ከሆነ አየር ትስቢያለሽ። ከታች ከሆነ ዝቃጭ። ከጎን አውጪው፣ ጫፉም ወደ መሀል ይግባ። ክሎሪን ከሚገባበት ቦታም ራቅ በይ፣ ሳይቀላቀል እንዳትቀጂ። ሳራቺኔስካ (መዝጊያ ቫልቭ) አድርጊለት፣ ነገ ለጥገና መዝጋትሽ አይቀርም።

ጠያቂ
ጋሼ፣ በትክክል ከላይ ነው ያወጣሁት! ለመብሳት የተመቸኝ እዚያ ስለነበር ነው።

መልስ 3፣ የላብራቶሪ ሠራተኛ
በቃ፣ ድፍርስነት የመሰለሽ የአየር አረፋ ነው። መለኪያው የሚያየው የሚበተነውን ብርሃን ስለሆነ አረፋንም እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። ከማሽኑ በፊት አረፋ ማስወገጃ ይኑር። መውጫው ቱቦም ፍሳሹ ውስጥ አይነከር፣ ከበላዩ ክፍት ሆኖ ይውረድ። በእጅ የምትቀጂበት ቧንቧ ደግሞ እዚያው ማሽኑ አጠገብ አድርጊ፤ የምታወዳድሪው ያንኑ ውሃ ይሆናል።

ጠያቂ (ከ9 ቀን በኋላ)
ማሽኑን አንስቼ ከዋናው ቧንቧ 4 ሜትር ላይ ተከልኩት። ከጎን አወጣሁ፣ ጥቁር ቱቦ ዘረጋሁ፣ አረፋ ማስወገጃም ገጠምኩ። ዛሬ በእጅ 0.48፣ ማሽኑ 0.46። ጠዋት ፓምፑ ሲነሳ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ድፍርስነቱ ንቅንቅ አላለም። አለቃዬም ቁጥሮቹን አይቶ ክሎሪን የመጨመሩን ነገር ተወው።

የድሮውን ብረት በመጋዝ ቆረጥኩትና ጣቴን አስገባሁበት። ቀይ ዝገት እንደ ጭቃ ተለጥፎብኝ ወጣ። ስቶር ውስጥ የዚያው ዓይነት ቧንቧ ገና አለ። ለሌላ ሥራ እንዳይወጣ ቁራጩን ነገ ለስቶር ኃላፊው አሳየዋለሁ።