ያደረቅኳቸው ዕፅዋት ሻገቱ፤ የነፍሳቱም ፎቶ አልለይ አለኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አካባቢዬ ላይ በራሳቸው የሚበቅሉ ዕፅዋትንና ነፍሳትን መመዝገብ ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። ዕፅዋቱን ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ትናንት ስከፍተው ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ሻግቷል። ነፍሳቱን ደግሞ ከላይ ብቻ ስላነሳኋቸው ማንም ሊለይልኝ አልቻለም። እባካችሁ እህታችሁን እርዷት።

መልስ 1፦
አይዞሽ እህቴ፣ ብዙዎቻችን ላይ ደርሷል። ችግሩ መጽሐፉ ነው፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ተክሉን ጋዜጣ መሃል ዘርጊው። ከላይና ከታች ካርቶን አድርጊና ከባድ ነገር ጫኚበት። ዋናው ሥራ ጋዜጣውን መቀየር ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቀኑ፣ ከዚያ አልፎ አልፎ። አብዛኛው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ይደርቃል። ቅጠል ብቻ አትቁረጪ፤ አበባ ወይም ፍሬ ከሌለው መለየቱ በጣም ያስቸግራል። አንዱን ቅጠል ገልብጪው፣ ጀርባውም ይታይ። ቦታው ላይ ያለው ጥቂት ከሆነ ግን አትንኪው፣ ፎቶ ይበቃል።

መልስ 2፦
ስለ ነፍሳቱ እኔ ልበል። በማለዳ ሂጂ። ፀሐይ እስክታሞቃቸው ድረስ ብዙ አይንቀሳቀሱም፣ ተረጋግተሽ ማንሳት ትችያለሽ። ከላይ፣ ከጎንና ከፊት አንሺ። እግር ቁጠሪ፤ ያደገ ነፍሳት 6 እግር ነው ያለው፣ 8 ከሆነ ሸረሪት ወይም የሸረሪት ዘመድ ነው። አባጨጓሬ ካገኘሽ የሚበላውንም ተክል አንሺ። ብዙዎቹ የተወሰነ ተክል ብቻ ስለሚበሉ፣ ተክሉ ማንነታቸውን ይጠቁማል። የቅጠል ጀርባም አትለፊ። ባለፈው አንዱን ስገለብጥ ጉንዳኖች ክሽክሾችን (የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው) በአንቴናቸው ደባብሰው፣ ከእነሱ የምትወጣውን ጣፋጭ ጠብታ ሲጠጡ አየሁ። ቁጭ ብዬ ቀረሁ!

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ! ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት ቀኑን ብቻ ነው። ይበቃል?

መልስ 3፦
አይበቃም። ቦታውን፣ ጥላ ይሁን ፀሐይ፣ የተክሉን ቁመትና የአበባውን ቀለም እዚያው ቆመሽ ጻፊ። ቀለሙ ሲደርቅ ይጠፋል። በእርሳስ ይሁን፣ እርጥበት ቢነካው አይለቅም። ስሙን ካላወቅሽ ባዶ ተዪው። ስም ከዓመታት በኋላም ይገኛል፤ ቦታው ከተረሳ ግን ከየት ታመጪዋለሽ? አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ቀንና ቦታ ይይዝልሻል፣ ሌሎች ሰዎችም ስሙን ለመለየት ይረዱሻል። መተግበሪያው ራሱ የሚገምተውን ስም ግን እንዳለ አትቀበዪ።

ጠያቂ፦
የተበላሹትን ልጣላቸው?

መልስ 1፦
የጠቆረውን አትጣዪ። ቅርጹ ካለ ለመለየት ያገለግላል። የሻገተውን ግን ዛሬውኑ ለዪው፣ ሌላውም ላይ ይጋባል።