ሲአር-ቪ 1.5 ተርቦ፣ የ2018 ሞዴል፦ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

የሴንትፖሏ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ሚኒሶታ ነው የምኖረው። የ2018 (በፈረንጆቹ) ሆንዳ ሲአር-ቪ፣ ኢኤክስ የሚባለውን ደረጃ አግኝቻለሁ፣ 1.5 ተርቦ፣ 92 ሺህ ማይል የሄደ። መልኩም ውስጡም ንጹሕ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ግን «ያ ሞተር ቤንዚን ከዘይት ጋር ይቀላቅላል፣ እንዳትነኪው» አለችኝ። ሻጩ ደግሞ «ሆንዳ እኮ ነው፣ ምን ይሆናል ብለሽ ነው» ይላል። ማንን ልመን? ሥራዬ ከቤቴ 3 ማይል ብቻ ነው። የማታ ፈረቃ ስለሆንኩ መኪናው ክረምቱን ሙሉ ውጭ ነው የሚያድረው። ስለ ሞተር ብዙም ስለማላውቅ በሚገባኝ መንገድ አስረዱኝ።

ጋራዥ_አሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ባልደረባሽ ያለችው የሜዳ ወሬ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩን ላስተዋውቅሽ። 1498 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር ነው። 190 የፈረስ ጉልበት አለው። ቶርኩ (የማሽከርከር ኃይሉ) 243 ኒውተን ሜትር ሲሆን በደቂቃ ከ2000 ዙር ጀምሮ ሙሉውን ይሰጥሻል፣ መብራት ላይ ሲነሳ ቀለል የሚለው ለዚህ ነው። ቫልቮቹን የሚያሠራው ካቴና (ሰንሰለት) ስለሆነ ቺንጋ በየጊዜው ልቀይር ብለሽ አትጨነቂም። ቤንዚኑ የሚረጨው በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ሞተር በብርድ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያበዛለታል። ቀዝቃዛው የሲሊንደር ግድግዳ ላይ ያረፈው ቤንዚን ሁሉ አይቃጠልም፣ ጥቂቱ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ይሄ በየትኛውም የቤንዚን ሞተር ያለ ነገር ነው፣ ረጅም መንገድ ሲነዳ ዘይቱ ይግልና ቤንዚኑ ተንኖ ይወጣል። አንቺ ግን 3 ማይል ነድተሽ ዘይቱ ገና ሳይሞቅ ታጠፊዋለሽ፣ ማታም እንደዛው፣ በነጋታውም እንደዛው፣ በዚህ መሃል ቤንዚኑ እየተጠራቀመ ዘይቱ ውሃ እንደበዛበት ወጥ ይቀጥናል። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት ደግሞ 4 ኳርት (3.8 ሊትር ገደማ) አይሞላም። ተርቦው፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው፣ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከረው በዚያች ዘይት ተማምኖ ነው።

የዘይት መለኪያውን ስታወጪ ደረጃው ከላይኛው ምልክት አልፎ ካገኘሽው፣ አሽትቺው። ቤንዚን ቤንዚን ካለ ነገሩ ያ ነው። ዘይት ሲጎድል እንጂ ሲጨምር አይተሽ አታውቂም፣ አይደል?

ሆንዳም ችግሩን አልካደም። በፈረንጆቹ 2018 መጀመሪያ ቻይና ውስጥ ሽያጭ እስከማቆም ደርሶ ነበር። እዚህ አሜሪካ ሶፍትዌር ቀየረላቸው፣ የ2017 እና የ2018 ሲአር-ቪ የሞተር ዋስትናንም ከ5 ወደ 6 ዓመት አራዘመ፣ የማይል ገደቡንም አነሳ። ግን ቁጠሪው፣ የ2018 መኪና 6 ዓመቱን ጨርሷል። ከእንግዲህ የሚበላሸው በኪስሽ ነው።

ሌሊት_ነጂ_ዲሲ

ኧረ ልጅቷን አታስፈራሯት! እኔ ይሄንኑ ሞተር ይዤ ነው ቀን ከሌት ሰው የማመላልሰው፣ ከዳለስ ኤርፖርት ባልቲሞር፣ ከባልቲሞር ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። ዘይቴን በ5 ሺህ ማይል እቀይራለሁ፣ ስክሪኑ ላይ «የዘይቱ ዕድሜ 40 በመቶ ይቀራል» ቢለኝም አልሰማውም። ነዳጅ ላይ ደግሞ ቆጣቢ ነው፣ በሃይዌይ በጋሎን 33 ማይል አካባቢ ይሄዳል።

ጋራዥ_አሌክሳንድሪያ

ወንድሜ ያንተማ ሞተር መች ይቀዘቅዝና! ቀኑን ሙሉ የሞቀ ሞተር ዘይቱን ራሱ ያጸዳል። እሷ ያለችው ሚኒሶታ ነው፣ ያውም ለ3 ማይል። የአንተ መኪና ደህና መሆኑ ለእሷ ምንም አይነግራትም።

ደግሞ እኔ ከዘይቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው፣ በሞተሩ ራስና በታችኛው አካል መሃል ያለው ማሸጊያ። 1.5ቱ ላይ ማይሉ እየበዛ ሲሄድ የሚታወቅ በሽታ ነው፣ የሆንዳ አኮርድም ሲቪክም ላይ አለ። የፍንዳታው ጋዝ ወደ ኩላንቱ (ሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ) ይገባል፣ ወይም ኩላንቱ ሌሊት ወደ ሲሊንደሩ ይንጠባጠባል። ከውጭ ጠብታ አታዪም፣ ግን ኩላንት ይጎድላል። ጠዋት ስታስነሺው ለትንሽ ሰከንድ ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ሲሊንደር አይሠራም፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይስተካከላል። ብዙ ሰው «ካንዴላ ነው» ብሎ ካንዴላ ይቀይርና ይረሳዋል፣ በኋላ ሞተሩ ሲግል ነው የሚነቃው። ያኔ ቴስታታ ማውረድ ነው፣ ሂሳቡም በሺዎች ነው የሚቆጠረው።

ቦሌ_ሚካኤል

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። እዚህ ተርቦ የሚወደደው በሌላ ምክንያት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን ሩብ ገደማ ያጣል። ተርቦ ግን አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ እንጦጦ ዳገት ላይ አይለግምም። ብቻ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2024) ስለተከለከለ እኛ ባለን ነው የምንኖረው፣ ስለዚህ ዘይት ላይ አንቀልድም። እሷም ብትገዛው ጣሳው ላይ ኤፒአይ ኤስፒ (የዘይት ጥራት ደረጃ ነው) የሚል 0ደብሊው-20 የሚባለውን ቀጭን ዘይት ትጠቀም። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ተርቦዎች በዝቅተኛ ዙር ድንገት ሲረገጡ ካንዴላው ሳያቀጣጥለው አንዳንዴ ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፣ ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ያ ዘይት ይሄንንም ታስቦበት ነው የተሠራው።

የሴንትፖሏ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። ግን ሲአር-ቪውን በጣም ወድጄዋለሁ 😅 ሌላ ሞተር ያለው የለም? ይሄንን ከመተዌ በፊት ደግሞ ምን ላስመርምር?

ጋራዥ_አሌክሳንድሪያ

አለ እንጂ። ከ2017 እስከ 2019 የወጣው ኤልኤክስ የሚባለው 2.4 ነው፣ ተርቦ የለውም። 184 የፈረስ ጉልበት አለው፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳም ይገኛል። ወንበሩ እንደ ኢኤክሱ ጨርቅ ነው፣ ግን ኢኤክሱ ላይ ያለው በራሱ የሚፈሬን ሲስተም የለውም፣ እሱን መዝኚ። ለአንቺ አነዳድ ግን እኔ ብሆን ያለ ጥርጥር 2.4ቱን ነው የምወስደው። አቅም ካለሽ ደግሞ ከ2020 ወዲህ ሃይብሪድ አለ፣ እሱም ተርቦ የለውም።

የለም፣ ይሄኛውን ነው የምፈልገው ካልሽ የዘይት ቅያሪ ደረሰኞቹን ጠይቂ፣ በ10 ሺህ ማይል ሲቀየር የኖረ ከሆነ ተዪው። የካምቢዮ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረም እይ፣ የሚገባለት ኤችሲኤፍ-2 የሚባለው የሆንዳ የካምቢዮ ዘይት ብቻ ነው። ከዚያ ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ጋ ውሰጂና የራዲያተር ጋዝ ምርመራ ይሥራልሽ። ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባት ቱቦ ይገጥማል፣ ከኩላንቱ የሚወጣው አየር በውስጧ ያልፋል። ፈሳሹ ወደ ቢጫ ከተለወጠ የፍንዳታ ጋዝ እየገባ ነው፣ አትደራደሪ፣ ወጥተሽ ሂጂ።

ይሄ ሁሉ ግን መኪናው ቀዝቅዞ ካላየሽው ግማሽ ነው። ጠዋት ሂጂ፣ ኮፈኑን ከፍተሽ ሞተሩን በእጅሽ ዳስሺው። ሻጩ አስነስቶ አሙቆ ከጠበቀሽ ምንም አትበዪው፣ ሌላ ቀን ሳትነግሪው ተመለሺ።