ታሪክሽን ለጉባኤው ንገሪልን አሉኝ፤ ምን ልበላቸው?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ክረምት ላይ ሥራ ሲቆምብኝ ኪራይ መክፈል አቃተኝ። አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት ወደምትሄድበት የዩኒቴሪያን ዩኒቨርሳሊስት ጉባኤ (የሃይማኖት ማኅበር ነው) ወሰደችኝ። ኪራዬን ከፈሉልኝ፤ ጠበቃም አገናኙኝ። ሃይማኖትሽን ቀይሪ ያለኝ የለም። አሁን ስለ ስደተኞች ፍትሕ የእሁድ ፕሮግራም አዘጋጅተው "ከአገርሽ የወጣሽበትን ታሪክ ንገሪን" አሉኝ። ፕሮግራሙ በዩቲዩብ በቀጥታ ይተላለፋል። የአሳይለም (የጥገኝነት ጥያቄ) ኢንተርቪው ደግሞ ገና ይጠብቀኛል። የረዱኝን ሰዎች እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ።

ባለ ታክሲው፦ እህቴ፣ ጠበቃሽን ሳታማክሪ አንድ ቃል እንዳትናገሪ። የአሳይለም ፎርሙ ላይ የጻፍሽውን መንግሥት በሚስጥር የመያዝ ግዴታ አለበት። በዩቲዩብ የተናገርሽውን ግን ማንም አይጠብቅልሽም። በ2005 የወጣው ሪል አይዲ የሚባለው ሕግ ትንሽ የቃል ልዩነት እንኳ ተአማኒነትሽን ለመጣል እንዲያገለግል ይፈቅዳል። ሚያዝያ ታሰርኩ ብለሽ ጽፈሽ፣ መድረክ ላይ ደንግጠሽ መጋቢት ብትዪ በዚያ ሊያፋጥጡሽ ይችላሉ። ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲገለበጥ ብቻ ስንቱ ተሳስቷል! አገር ቤት ያሉ ቤተሰቦችሽንም አስቢ። እዚያም ዩቲዩብ ይታያል።

እትዬ ከዴንቨር፦ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው ልጄ። እነዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ሥላሴን አንቀበልም ብለው የወጡ ናቸው። ደግነታቸውን አልክድም። የንስሐ አባትሽ ያውቃሉ?

የዲሲው፦ እትዬ፣ በአክብሮት ልናገር። እዚሁ ዲሲ ኦል ሶልስ በሚባለው ቤተ ጸሎታቸው በቄስነት ያገለገለው ጄምስ ሪብ ነጭ ነበር። አይመለከተኝም ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። በ1965 ማርቲን ሉተር ኪንግ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ሰልፍ ሲጠራ ግን አላባማ፣ ሰልማ ሄደ፤ እዚያ ተደብድቦ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ። እኔም አንዳንድ እሁድ እሄዳለሁ። ሰው ተራ በተራ እየወጣ ሻማ ያበራል፤ ደስታውን ወይም ሐዘኑን ይናገራል። እናቴ ስታርፍ ወረቀት ስላልነበረኝ ለቀብሯ አልሄድኩም። እዚያ ሻማ አብርቼ ስሟን ጠራሁ። የማላውቃቸው ሽማግሌ መጥተው እስክረጋጋ አጠገቤ ቆሙ። ላስተዛዝን የምልከው ብር ያላወጣልኝን እዚያ አወጣሁት።

እትዬ ከዴንቨር፦ ነፍስ ይማር ልጄ። ለቅሶ የሚደርስ ሐበሻ ጠፋ? እድራችን ስንቱን አስከሬን አገሩ አስገብቷል!

የዲሲው፦ እድሩ ስንሞት ይደርሳል እትዬ፤ አልክድም። በቁሟ ኪራይ ላጣችው ግን ማን ደረሰላት?

የቶሮንቶዋ፦ እኔ እነሱንም እወቅሳለሁ። የረዱትን ሰው ቁስልሽን መድረክ ላይ አሳዪን ማለት ፍትሕ አይመስለኝም። ስለ ስደተኛ መናገር ከፈለጉ እነሱ ይናገሩ። ድምፅ አላቸው፤ ለኮንግረስ ተወካዮቻቸው መጻፍም ይችላሉ። ዜጋ ስለሆኑ ማንም አይነካቸውም። አንቺ ዕዳ የለብሽም። ስጦታ ከሆነ ስጦታ ነው።

የዲሲው፦ በክፋት አልጠየቋትም። እዚያ ሁሉም ሰው ስለ ራሱ ይናገራል።

የቶሮንቶዋ፦ እነሱ ሲናገሩ ከአገር አይባረሩም ወንድሜ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጠበቃዬ ጋ ነገ እደውላለሁ። ስሜ ሳይጠቀስ ሌላ ሰው ቢያነብልኝስ?

ባለ ታክሲው፦ ቀኑና ቦታው እስካለበት ድረስ ያው ነው። እሱንም ጠበቃሽን ጠይቂ።

እትዬ ከዴንቨር፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኪራይ ሲቸግርሽ ለኛ ቤተ ክርስቲያን ነግረሽ ነበር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አልነገርኩም እትዬ። አፈርኩ።

እትዬ ከዴንቨር፦ ስልክሽን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

የዲሲው፦ ለምን እንዳፈረች ግን እዚሁ በአደባባይ እንነጋገርበት። ፈረንጆቹ ጋ ስትናገር ወሬው እናቷ ጆሮ አይደርስም። እኛ ጋ ግን ቅዳሴ ሳያልቅ ይደርሳል።

እትዬ ከዴንቨር፦ ሁላችንን በአንድ ላይ አትፍረድብን ልጄ።