ካርቱን ከከረሜላ ፓኬት ላይ በሕግ ይነሳ?

አወያይ፦ መነሻችን ቺሊ ናት። በ2016 እ.ኤ.አ. ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ የበዛበት የታሸገ ምግብ ጥቁር ባለስምንት ማዕዘን ምልክት እንዲለጠፍበት አዘዘች። ምልክቱ ያለበት ፓኬት ላይ ልጅ የሚስብ ካርቱን አይሣልም። ስኳር ከተቀባው ኮርንፍሌክስ ካርቶን ላይ ነብሩ ቶኒ ተነሳ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሜክሲኮም ተከተለች። እናንተስ? በሉ፣ ያለ ስድብ።

የመንታዎች እናት፦ ይነሳ! ጀሊ ከረሜላ የሚደረደረው ካሸሩ ጋ፣ ልክ በልጅ ቁመት ነው። ሰልፍ ላይ ቆመሽ ማምለጫ የለሽም። ልጆቼ ገና ፊደል አልቆጠሩም፤ ፓኬቱ ላይ ያለችውን ሰማያዊ የካርቱን ገጸ ባሕርይ፣ ስመርፍን፣ ግን ከሩቅ ይለዩዋታል። ከረሜላውን ቀምሰውት እንኳ አያውቁም። የሚያለቅሱት ለስመርፏ ነው።

ባለሱቁ፦ እህቴ፣ ቦርሳው ያለው አንቺ ጋ ነው። «አይሆንም» ለማለት አዋጅ አያስፈልግም። እኔ ሱቅ ውስጥ እናት እምቢ ያለችውን አያት ሲገዙለት ነው የማየው። መንግሥት አያትንም ይከልክል?

የድሮ ካርቱን ወዳጅ፦ እኔን ግራ የሚገባኝ ድንበሩ ነው። የጀርመኑ ሃሪቦ በ1920 ቦን ውስጥ ተቋቋመ፤ በ1922 በሚጨፍር ድብ ቅርጽ ከረሜላ አወጣ። ያኔ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር የለም። በ1985 ደግሞ ዲዝኒ ስለ ጀሊ ድቦች ተከታታይ ካርቱን ሠራ። የኩባንያው ኃላፊ ማይክል አይስነር ልጁ ከረሜላውን ሲወድ አይቶ ነው ሐሳቡን ያመጣው ይባላል። ልብ በሉ፣ እዚህ ካርቱኑ አይደለም ከረሜላውን የወለደው፤ ከረሜላው ነው ካርቱኑን። ታዲያ ፓኬቱን ባዶ አድርገን ውስጡ ጆሮና ሆድ ያለው ድብ ከተቀመጠ ምን ከለከልን? ቅርጹንም ልንከለክል ነው?

ነርሷ፦ ጋሼ ባለሱቅ፣ ሁሉንም ለወላጅ መተው አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ ጆ ካሜል የሚባል ባለመነጽር የካርቱን ግመል ሲጋራ ያስተዋውቅ ነበር። ስንት ውዝግብና ክስ አስነስቶ በ1997 ቀረ። አሁን ደግሞ የታወቀ ከረሜላ አስመስለው የሚያሽጉት የካናቢስ ጀሊ መጥቷል። ሕፃን ይበላዋል፣ ድክም ብሎት ድንገተኛ ክፍል ይገባል። በ2023 የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለእንዲህ ዓይነት ሻጮች ማስጠንቀቂያ ጽፏል። እዚህ ላይ ክርክርም አያስፈልግ። ለተራው ጀሊ ግን አልቸኩልም። ቺሊ ውስጥ ስኳር የበዛባቸው መጠጦች ግዢ ወደ 24 በመቶ ቀንሷል፤ ግን ምልክቱም፣ የማስታወቂያ ገደቡም፣ የትምህርት ቤት ክልከላውም አብረው ነው የመጡት። የካርቱኑን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ይከብዳል።

ከፒያሳ፦ መከልከልማ እኛም እንችልበታለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አስወጥቷል። ከረሜላ ግን ሰፈር ሱቅ ውስጥ በፍሬ ነው የሚሸጠው። ልጁ ሳንቲሙን ይሰጣል፣ ባለሱቁ እጁን ከትቶ ያወጣለታል። ትልቁን ፓኬት ማን አየው? ሕጉስ ማንን ይይዛል?

የመንታዎች እናት፦ ፓኬት ላለበት አገር ነው የምናወራው። እስቲ ገልብጡት። ክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ስኳር ነው። ጀርመን የሚሠራው አብዛኛው የአሳማ ጄላቲን አለበት፤ ቱርክ የሚሠራው የከብት። ለጾም ሁለቱም አይሆኑም። ይሄ ሁሉ ከኋላ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ፊት ለፊት ድቡ ይስቃል።

ባለሱቁ፦ እሺ፣ ጽሑፉን ፊት ለፊት ያምጡት፣ ጥቁሩንም ምልክት ይለጥፉበት። ድቡን ግን ተዉት፣ ምን አደረጋችሁ?

የመንታዎች እናት፦ ድቡ ይቆይ እንበል። እርስዎም ታዲያ ከካሸሩ ጋ አንስተው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያድርጉልን። ለእሱ እንኳ ሕግ አያስፈልግም፣ ጋሼ።

ባለሱቁ፦ እዚያ ጋ ነው እኮ የሚሸጠው!