ከሆስፒታል ለወጡ አዛውንቶቻችን፦ የእድራችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶች፣ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን እዚሁ እንጨርስ። ከሆስፒታል ወጥተው ቤት የሚተኙ አዛውንቶችን ድብርት እንዳይጥላቸው እንዴት እንያዝ ነው ነገሩ።

የዓባይ ማዶዋ፦ እኔ የአባቴን ልንገራችሁ። ዳሌው ተሰብሮ ኦፕሬሽን ተደርጎ የወጣ ሰሞን ቤቱ ሰው አይጠፋበትም፣ ብርቱካኑ፣ "እንኳን እግዜር ማረዎት"ው፣ ሶስተኛው ሳምንት ላይ ግን ማንም የለም እኛም ስራ እንውላለን፣ እሱ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ቡና ሳፈላ አቦሉ እፊቱ ይቀዘቅዛል፣ ሶስተኛ ሳይጠጣ የማይነሳ ሰው! ምን ሆንክ ስለው "ሆዴን" ይላል፣ ሆዱ ቢመረመር ደህና ነው። እርጅና ነው ብለን ሁለት ወር ዝም አልን፣ ለካ ድብርት ኖሯል። ስለዚህ እባካችሁ ጥየቃው መጀመሪያ ላይ ብቻ አይሁን፣ ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሶስተኛው ወር ተራ ይውጣለት።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ "ከፋኝ" አይልም፣ ሆዴን ወገቤን ነው የሚለው፣ ምግብ ይዘጋዋል፣ ሲገላበጥ ያድራል። ድብርትን ለመለየት ለአዛውንት የተዘጋጀ 15 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ አይጠይቅም፣ እነሱ በህመሙም ይዛባሉና። እኛ ግን በጨዋታ መሃል ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ባለፉት 2 ሳምንታት ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አስጠላዎት ወይ፣ ሆድ ይብስዎታል ወይ። አዎ ካሉ ጤና ጣቢያ እንውሰዳቸው፣ የሚወስነው ሐኪም ነው። ድንገት መቃዠት፣ ጠዋት ደህና ሆኖ ማታ ሰው አለማወቅ ከመጣ ግን ድብርት ነው ብላችሁ እንዳታሳድሩ፣ ኢንፌክሽን ወይ የመድኃኒት ጣጣ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል።

ባለ ባጃጁ፦ እትዬ፣ "ምነው እግዜር በወሰደኝ" ካሉስ? እናቴ ሁሌ ትላለች።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ የሽማግሌ ወግ ነው ብለህ አትለፈው። ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ ወይ ብለህ ጠይቃት፣ መጠየቅህ ሐሳቡን አያመጣባትም። አዎ ካለች ብቻዋን አትተዋት፣ ወዲያው ሐኪም ዘንድ።

ባለ ባጃጁ፦ ዛሬ ማታ እጠይቃታለሁ። እሁድ እሁድ ደግሞ ባጃጄን በነጻ ጻፉኝ፣ ሐይቁ ዳር አመላልሳለሁ።

የዓባይ ማዶዋ፦ አባቴን ከድብርት መድኃኒቱ ጋር ያነሳው እንዲህ ከቤት መውጣቱ ነው እኮ! ጓደኛው እየመጣ መጀመሪያ እስከ ደጃፍ፣ ኋላ እስከ ጣና፣ ደንገል እያሰሩ ታንኳ የሚሰሩትን ቁጭ ብሎ ያይ ነበር። አንድ ቀን "ይሄ እስሩ ላላ!" ብሎ ተቆጣቸው፣ እኔ ዞሬ አለቀስኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ነገር ሲያገባው አየሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ የነዳጅና የስልክ ካርዱ ከመዋጮው ይውጣ። ለድንኳን ስናወጣ አንከራከርም፣ ለዚህም አንከራከር።

ጡረተኛዋ ነርስ፦ ይሄንንም ጨምሩ፣ የድብርት መድኃኒት ለመስራት ሳምንታት ይፈጅበታል፣ በ10 ቀን አልሰራም ተብሎ አይቋረጥ፣ ጸበል የሚገቡም ይዘውት ይግቡ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። ለአንድ ሰው ሁለት ጠያቂ፣ አንዱ ከዱሮም የሚያውቃቸው፣ በሳምንት አንዴ፣ እስከ ሶስት ወር። ከየመንደሩ ማን እንደወጣ ማን እንደተኛ ጻፉልኝ፣ የመጀመሪያውን ተራ እኔ እወስዳለሁ።